ግድግዳ ላይ የጻፍኩት ብር

ቁጣዬ ቅርብ ነው። ቀድሜ ብናገረው ይሻላል። የገቢዎች ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የግብሬን ውሳኔ የያዘውን ወረቀት የሰጠኝ ቀን ከአፌ የወጣውን ሁሉ እዚህ ባሰፍረው ንስሐ አባቴ ሌላ ቀኖና ይጨምሩብኛል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የእኔ ሊሆን አይችልም፣ ተሳስታችሁ የሌላ ሰው ነው የሰጣችሁኝ ብዬ መለስኩለት። ሰውየው ከላይ የተጻፈውን ስም በጣቱ አሳየኝ። ስሜ ነበር።

ሥራዬ ሥዕል ነው። መሐል ሜዳ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች የኪራይ ክፍል ውስጥ ሸራ ወጥሬ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እሥላለሁ። ሥዕሉ ሲደርቅ ይጠቀለላል፤ ከዚያ በቀን ሒሳብ ከፍዬ የማሠራቸው ወንዶች ይዘውት ሄደው ግድግዳው ላይ በሙጫ ይለጥፉታል። መንዝ ውስጥ፣ ግሼም ድረስ፣ ወረድ ሲልም መርሐቤቴ፣ የእኔ እጅ ያረፈባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። "ሴት ደግሞ ትሥላለች እንዴ" ያለኝ ብዙ ነው። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ከወጣ በኋላ ግን እሱም እንደ ሰው መጥቶ ይሳለመዋል። ክረምት ገብቶ ሸራው አልደርቅ ሲለኝ የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ፣ የሠርግ መጥሪያ እነድፋለሁ፣ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ካርታና የሰው አካል እሥላለሁ። አለቃ የለኝም። በወር መጨረሻ ጠርቶ የሚያስፈርመኝ ገንዘብ ያዥም የለም።

ባለቤቴ መምህር ነው። የሱ ግብር ደመወዙን እሱ ሳያየው ተቆርጦ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ ግብር እየከፈለ ስለ ግብር የሚያውቀው ከእኔ አይበልጥም። እኔም ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የተባልኩትን ትንሽ ብር ከፍዬ እወጣ ነበር። ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ለምን ያን ያህል እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። የእኔ ደስታ ሰልፉን ጨርሼ መውጣቴ ነበር።

በዚያ ዓመት የመጣብኝ ቁጥር ግን ካለፈው ጋር ዝምድና አልነበረውም። ያለኝን ሁሉ፣ ሸራዬንም የምቀመጥበትን ዱካም ብሸጥ አይሸፍነውም። ጊዜው ደግሞ ክፉ ነበር። ራቤል ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ አልቆ፣ አሠሪ ኮሚቴው የውስጡን ሥዕል በሙሉ ለእኔ ሊሰጥ ተስማምቷል። ዋጋውን ውሉ ሲፈረም እንነጋገራለን ተባብለን ነበር የተለያየነው። ከዓመት በላይ የሚያሠራ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለው ለአንድ ሰዓሊ በዕድሜው አንዴ ቢመጣለት ነው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግብሬን አጠናቅቄ የከፈልኩ መሆኔን የሚገልጽ ክሊራንስ። እስከ መስቀል ካላመጣሁ ከደብረ ብርሃን ሌላ ሰዓሊ እንደሚጠሩ ሰብሳቢው ቄስ ሳይደብቁ ነግረውኛል።

እንግዲህ ያን ቁጥር ካልከፈልኩ ክሊራንሱን አላገኝም፤ ክሊራንስ ካላገኘሁ ራቤል ቀረ ማለት ነው። ራቤል ከቀረ ደግሞ የክፍሏን ኪራይ የምከፍልበት አልነበረኝም፤ ፈቃዴን መልሼ ብሩሼን አጥቤ መቀመጥ ነው የቀረኝ። ይህን ለባለቤቴ ስነግረው አለቀስኩ። እሱ ማጽናናት አያውቅበትም፤ ጋቢውን አለበሰኝና አጠገቤ ተቀመጠ።

በማግስቱ እንባዬን ጠርጌ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ለጠብ ሄድኩ።

"ከየት አመጣችሁት ይህን?" አልኩት የግብሬን ግምት የሠራውን ሰውዬ።

"ከአንቺው" አለኝ። ስልኩን አወጣና ፎቶ ከፈተ። የሞላሌው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የፈረሱን እግር ሳየው አወቅኩት፤ ያን እግር ለመሣል ስንት ቀን እንደተሟገትኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው ግን እግሩን አልነበረም ያነሣው። ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ጽሑፍ ነው። በጣቱ ገፋ አደረገና ሌላ ግርጌ አሳየኝ፤ ደግሞ ሌላ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ መናገር ግድ ነው። እኛ ዘንድ ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ይጻፍለታል። "ይህን ሥዕል ለነፍሳቸው መድኃኒት" ይልና ስማቸው ይከተላል፤ ከስማቸው ቀጥሎ ያወጡት ብር። ብሩን የማያጽፉ አሉ፤ በእኔ ያሠሩት ግን አብዛኞቹ አጽፈዋል። የሚያጽፉትም የሥዕሉን ዋጋ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ የገባ ዕለት ለደብሩ ሰው የታረደው በግ አለበት፣ የተጠመቀው ጠላ አለበት፣ ግድግዳውን የለሰነው ሰው፣ እንጨቱን የጠረበው፣ ሸራውን ከደብረ ብርሃን የጫነው መኪና ሳይቀር ይደመርና "ይህን ያህል ብር አውጥተው አሠሩ" ይባላል። ዘመድ ያነበዋል፣ የሟች ልጆች ይኮሩበታል። እኔም "ስንት ብዬ ልጻፍ?" ብዬ እጠይቃለሁ፤ የሚሉኝን በቀይ ቀለም አሳምሬ እጽፋለሁ። የፊደል አጣጣሌን ደግሞ ጠላቴም አይክደውም።

ሰውየው በየንግሡ እየሄደ ሥዕሉን ከተሳለመ በኋላ ግርጌውን ፎቶ ሲያነሣ ከርሟል። ከዚያ ሁሉንም ደምሮ የእኔ ገቢ አደረገው።

"ጽሑፉ የማን ነው?" አለኝ።

"የእኔ።"

"ቁጥሩን የጻፈውስ?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ምን ቀረኝ?" አለ። እውነቱን ነው፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ ነበር የምለው። ደሜ እንደፈላ ነው፤ ግን ደግሞ ሳቄ መጣ፤ በገዛ እጄ፣ ያውም በዚያ በማሳምረው ፊደል፣ ራሴን ሀብታም አድርጌ በየግድግዳው ስለጥፍ ኖሬ።

ሳቄ ሲያልቅ ቁጣዬ ተመለሰና ድምፄ ኮሪደሩን ሞላው። በዚህ ጊዜ በአንደኛው መስኮት የተቀመጠች ወጣት ሠራተኛ ጠራችኝ። ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚባል ነገር የለም።

"መጮህ ነው የፈለጉት ወይስ ቅሬታ ማቅረብ?" አለችኝ። "መጮህ ከሆነ ውጭ ሰፊ ነው። ቅሬታ ከሆነ ይቀመጡ፣ ጊዜው ሳያልፍብዎ።"

ተቀመጥኩ። ያቺ ልጅ በዚያ አንድ ረፋድ የነገረችኝን በስንት ዓመት ሰልፍ የነገረኝ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ጠይቄም አላውቅም። ግብር የሚጣለው በእጄ ባለፈው ብር ሁሉ ላይ አይደለም አለችኝ። ከገባው ላይ ለሥራው የወጣው ይቀነሳል፤ ግብሩ በሚተርፈው ላይ ነው። የወጣውን ግን ማሳየት ያለብኝ እኔ ነኝ። "ዝም ካሉ መሥሪያ ቤቱ ይገምታል፤ ሲገምት ደግሞ ያገኘውን ይዞ ነው" አለች። "ባለቤትዎ ደመወዝተኛ ናቸው፣ አሠሪያቸው ያሰላላቸዋል፣ ይቆርጥላቸዋል። የእርስዎ አሠሪ ማነው?"

"እኔው።"

"ስለዚህ የሚያሰላውም እርስዎ ነዎት።"

ቀጥላ ትምህርት ቤቱ ለግድግዳው ሥዕል ሲከፍለኝ ቀንሶ ያስቀረው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። መኖሩስ ነበር። ገንዘብ ያዡ ከተስማማነው አጉድሎ ሰጥቶኝ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጨምሮልኝ ነበር። በልቶብኛል ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፍጌዋለሁ፤ ገበያ ላይ ሳየው ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየሁት።

"ያ ቅድመ ግብር ነው። በስምዎ ገብቷል፤ ከሚከፍሉት ላይ ይታሰብልዎታል። ወረቀቱን ያምጡ" አለች።

"በበግ የከፈሉኝስ?" አልኳት ለቀልድ።

እሷ ግን ቀልድ አልመሰላትም። "የሥራ ዋጋ ከሆነ በግም ገቢ ነው። በጊዜው በነበረው ዋጋ ይጻፋል።"

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩና ገንዘብ ያዡን እንዴት አደርክ አልኩት። ደነገጠ፤ ምን ሆና ነው ብሎ ባለቤቴን ጠይቆታል አሉ።

የቀረው ማስረጃ ነበር። ደረሰኝ የማስቀምጥ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ሥራዬ አንድ ጸባይ አለው። የመልአክ ፊት ስሥል የቆዳውን ቀለም በሸራው ላይ ከማሳረፌ በፊት ወረቀት ላይ እሞክረዋለሁ፤ በቅርብ የማገኘው ወረቀት ደግሞ ቀለሙን የገዛሁበት ደረሰኝ ነው። ሥዕሉ ቢላጥ ወይም ውኃ ቢገባበት ያንኑ ቀለም መልሼ ለማምጣት ስለሚጠቅመኝ የሞከርኩበትን አልጥልም፤ አልጋው ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ እከተዋለሁ። ካርቶኑን ጎትተን ስናወጣ ባለቤቴ እያንዳንዱን ወረቀት በእጁ እየዳመጠ ዘረጋው። በጀርባው ስንዴማ፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ ፊት፤ ሲገለበጥ የቀለም ቤቱ ማኅተም። አንዳንዱ ላይ ቀለሙ ዘልቆ ጽሑፉን ሸፍኖታል፤ አብዛኛው ግን ይነበባል።

በሙጫ የሚለጥፉልኝ ወንዶችና የሸራ መወጠሪያ የሚሠራልኝ አናጢ ደረሰኝ የላቸውም። እየዞርኩ፣ ከእኔ የተቀበሉትን ብርና የመታወቂያ ቁጥራቸውን ጽፌ አስፈረምኳቸው። የፈሩ ነበሩ። አንዱ "በእኛ ላይ ሊመጣ ነው?" አለኝ፤ የሚመጣ ካለ አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት፤ መንገዱን አሁን አውቀዋለሁ።

ከባለቤቴ ጋር የተጣላነው በገቢው ዝርዝር ላይ ነው። የሱቆቹን ታፔላና የሠርግ መጥሪያዎቹን ስጽፍ አይቶ እጄን ያዘኝ።

"ይህን እኮ አያውቁትም" አለኝ። "ግድግዳ ላይ የለ፣ የትም የለ። ምን አስቀባጠረሽ?"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

"አብደሻል እንዴ? ለማስቀነስ ሄደሽ ልትጨምሪ?"

"ስማ" አልኩት፣ "ግማሹን ደብቄ ከገባሁ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ በዚያ ቤት ድምፄ እንዲንቀጠቀጥ አልፈልግም።" እጄን ለቀቀኝ። በጓንም ጻፍኳት። ጠሞ ከምትባል መንደር አንድ ቤተሰብ ለማርያም ሥዕል የዋጋው ማሟያ ብለው የሰጡኝ ነጭ በግ ናት፤ እስካሁን ስጦታ ነበር የምላት።

አንድ ነገር ቀረ፤ በግርጌ የተጻፈው ብር የድግሱም ጭምር መሆኑን የሚናገር ሰው። የቅዱስ ጊዮርጊሱን ሥዕል ለባላቸው መታሰቢያ ያሠሩት አንዲት የሞላሌ ባልቴት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። ከሁሉም ትልቁ ቁጥር የተጻፈው በሳቸው ስም ስለሆነ መሄዱን ፈራሁት። በሰው ፊት "ያ ብር የሥዕሉ ብቻ አይደለም" ማለት ለእንደሳቸው ያለች ኩሩ ሴት ቀላል አይደለም። ቤታቸው ገብቼ፣ ያቀረቡልኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ እየተቅለሰለስኩ ነገርኳቸው።

"ውሸት ነው አሉ?" አሉኝ።

"አይ እማማ። እውነት ነው ብለው፣ ሁሉንም ለእኔ ሰጡኝ።"

ቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና "መቼ ነው የምንሄደው?" አሉኝ። እግራቸውን ሳምኩ፤ ተይ ቢሉኝም ሳምኩ።

የቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ የተሰየመባት ክፍል ጠባብ ናት። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል፤ ሰብሳቢው ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ግምቱን የሠራው ሰውዬም ጥግ ላይ አለ። እማማ ጋቢያቸውን ደርበው መሐል ወንበር ላይ ሲቀመጡ ክፍሉ የሳቸው መሰለ። ሰብሳቢው ስለ ጽሑፉ ጠየቋቸው።

"ብሩን አውጥቻለሁ" አሉ እማማ። "አንዲት ሳንቲም አልዋሸሁም። በጉን የበላው ደብሩ ነው፣ ጠላውን የጠጣው ደብሩ ነው፤ የለሰነው ሌላ፣ የጠረበው ሌላ። እቺ ልጅ የቀረውን ነው ያገኘች። ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መጥታችሁ ብትጠይቁኝ ያኔውኑ እነግራችሁ ነበር።" ይህን ሲሉ ጥግ ላይ ወዳለው ሰው ዞር አሉ። እሱ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ደረሰኞቹን ዘረጋኋቸው። ሰብሳቢው አንዱን ገልብጠው የመልአኩን ቀለም ሲያዩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ሌሎቹንም አንድ በአንድ ገለበጧቸው። የገቢውን ዝርዝር ሲያነቡ በጓ ላይ ደረሱ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"በግ ናት። የሥራ ዋጋ።"

"ግልገሎቹስ?" አሉ፣ ዓይናቸው እየሳቀ።

"ግልገሎቹን የሚጠብቀው ባለቤቴ ነው። እሱ ደግሞ ደመወዝተኛ ነው፣ ቀድሞ ተቆርጦበታል።" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እማማ ብቻ አልሳቁም፣ ስለ ከብት ሲወራ አይቀልዱም።

ጥግ ላይ ያለው ሰው ግን ዝርዝሩን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። "ይህ የታፔላው፣ ይህ የመጥሪያው፣ እኛ ጋ የለም" አለ።

"አዎ፣ የለም" አልኩት። "እኔ ጋ ግን አለ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን ለሰብሳቢው መልሶ፣ "ይህን በራሷ ካመጣች ወጪዋንም እቀበላለሁ፤ እኔ በግምቴ አልጸናም" አለ። ከሱ ይህን አልጠበቅኩም። ስንት ሳምንት የረገምኩትን ሰው በዚያች ቅጽበት ወደድኩት፤ እግዜር ይስጥህ ለማለት ግን አፌ አልተፈታልኝም።

ሰብሳቢው በሒሳብ ማስያ ማስላት ጀመሩ። ከገባው ላይ የቀለሙን፣ የሸራውን፣ የሠራተኛውን፣ የኪራዩን ቀነሱ። በመጨረሻ የቀረውን ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡትና፣ "ከዚህ ሁሉ ለእርስዎ የተረፈው ይህ ብቻ ነው?" አሉኝ።

"ይህ ብቻ ነው" አልኩ።

እማማ ጆሯቸውን ወደ ሰብሳቢው አስጠግተው እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ተደገመላቸው። ወደ እኔ ዞሩና በዝግታ፣ "እኔ እኮ ለጠላው ያወጣሁት ከዚህ ይበልጣል" አሉ።

ማንም አልሳቀም። እኔም ቁጥሩን በወረቀት ላይ ስጽፈው እንዲያ ሆኖ አልታየኝም ነበር። ስንት ሸራ፣ ስንት ፊት፣ ስንት የፈረስ እግር፣ ሁሉ ተቀናንሶ የእጄ ዋጋ ከአንድ ድግስ ጠላ አነሰ። ለግብር ብዬ ባላሰላው ኖሮ ዕድሜዬን በሙሉ ሳላውቀው እኖር ነበር። አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ የእጄን ዋጋ ማወቄ ራሱ ወገቤን ቀጥ አደረገው።

ውሳኔው ሲመጣ ነሐሴ እየተገባደደ ነበር። ዜሮ አይደለም፣ ዜሮም እንዲሆን አልጠየቅኩም። ከተረፈኝ ላይ የሚገባው፣ ቅድመ ግብሩም የታሰበልኝ፣ የምችለው ልክ ነበር። ባንክ ሄጄ ከፈልኩ። በሰልፍ ቆሜ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እያንዳንዷን አውቃታለሁ። ያቺ የመስኮቷ ልጅ ክሊራንሱን ስትሰጠኝ "በሚቀጥለው ሳይጮኹ ይምጡ" አለችኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ለደመራው እንጨት ሲለቀም ራቤል ደረስኩ። ኮሚቴው በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ነፋስ በማይመታው በኩል ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ክሊራንሱን ሰብሳቢው ቄስ አነበቡት፤ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ከዚያ "በይ አሁን ዋጋሽን ንገሪን" አሉ።

ድሮ ቢሆን አንድ ድፍን ቁጥር እጠራ ነበር፤ እነሱ ይቀንሳሉ፣ እኔ እሺ እላለሁ። በዚያ ቀን ለየብቻ ነገርኳቸው። የሸራውና የቀለሙ ይህ ነው፣ ደረሰኙን አመጣላችኋለሁ። የሚለጥፉት ሰዎች ይህ ነው። ለመንግሥት የምከፍለው ይህ ነው። "የእጄ ደግሞ ይህ ነው" ብዬ በሕይወቴ ጠርቼው የማላውቀውን ቁጥር ጠራሁ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ለእጅሽ ብቻ ይህን ያህል?" አሉኝ።

ከደብረ ብርሃን የሚጠራው ሰዓሊ ትዝ አለኝ። ክፍሌ ትዝ አለችኝ። ከዚህ ሁሉ መንገድ በኋላ፣ በሩ ላይ ደርሼ ሥራው ከእጄ ሊያመልጥ ይችል ነበር። ቁጣዬ ግን የት እንደገባ እንጃ፣ ድምፄም ከፍ አላለም።

"አዎ አባቴ፣ ለእጄ ብቻ" አልኩ።

ቄሱ ሌሎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ውሉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ቁጥሩን እንዳልኩት ጽፈው ፈረሙና እስክሪብቶውን አቀበሉኝ።